የኅዳጉ ቁጥር

የቆየ የብራና ወንጌል ሲገለጥ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በሐረጉና በሥዕሉ ላይ ነው። ከጽሕፈቱ ዓምድ ጎን፣ በኅዳጉ ላይ፣ ጥቃቅን የግዕዝ ቁጥሮች መኖራቸው የሚታየው ትንሽ ከቆዩ በኋላ ነው። ስለ እነዚህ ቁጥሮች ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ እምነት አለኝ። ዛሬ በደብረ ብርሃን አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ስልኩን አውጥቶ የማቴዎስንና የሉቃስን ቃል ጎን ለጎን ሲያስተያይ፣ የያዘው ሥራ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። መሣሪያው አዲስ ነው፤ ሥራው ግን በሸዋ ደጋ ላይ ብዙ መቶ ዓመት የኖረ ነው።

መነሻው ከሸዋ ሩቅ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የቂሳርያው አውሳብዮስ አራቱን ወንጌላት በተራ ቁጥር ከፋፈላቸው፤ ማቴዎስን 355፣ ማርቆስን 233፣ ሉቃስን 342፣ ዮሐንስን 232 ክፍል አደረገ። ዛሬ ምዕራፍና ቁጥር የምንለው አከፋፈል ያኔ አልነበረም፤ ምዕራፉ በ13ኛው መቶ ዓመት፣ የሐዲስ ኪዳኑ ቁጥር ደግሞ በ1551 እ.ኤ.አ. የመጣ ነው። አውሳብዮስ ከክፍሎቹ ቀጥሎ ዐሥር ሰንጠረዥ አዘጋጀ። በመጀመሪያው ሰንጠረዥ አራቱም ወንጌላውያን የሚናገሩትን፣ በሁለተኛው ማቴዎስ፣ ማርቆስና ሉቃስ የሚስማሙበትን አስቀመጠ። እንዲህ እያለ ወርዶ በዐሥረኛው እያንዳንዱ ወንጌላዊ ለብቻው የጻፈውን አሰፈረ። አጠቃቀሙንም ቀርጲያኖስ ለሚባል ሰው በላከው ደብዳቤ አስረዳ።

ጌታ አምስቱን ሺህ ሰው የመገበበትን ታሪክ እንውሰድ። አንባቢው ማቴዎስን እያነበበ እዚያ ሲደርስ በኅዳጉ ላይ ፻፵፯ን ያገኛል፤ ከሥሯ ደግሞ ፩ አለች። ፩ የምትለው «ወደ መጀመሪያው ሰንጠረዥ ሂድ» ነው። ወደ መጽሐፉ መግቢያ ተመልሶ አንደኛውን ሰንጠረዥ ሲያይ፣ በ፻፵፯ ትይዩ ከማርቆስ ፷፬፣ ከሉቃስ ፺፫፣ ከዮሐንስ ፵፱ ተደርድረዋል። ሦስቱን ቁጥሮች ይዞ ሦስቱን ወንጌሎች ይገልጣል። የሳምራዊቷን ሴት ታሪክ ሲያነብ ግን ከቁጥሩ ሥር የሚያገኘው ፲ን ነው፤ ይህን የጻፈው ዮሐንስ ብቻ ስለሆነ ወደ ሌላ ወንጌል መሄድ አያስፈልገውም። የማንንም ወንጌላዊ ቃል ሳይነካ፣ ሳይቀላቅል፣ ሁሉንም በየቦታው ትቶ በቁጥር ብቻ ያገናኘ ጥበብ ነው። እንዲህ ያለ አክብሮት ያለበት መሣሪያ ከዚያ በኋላም ብዙ አልተሠራም ብዬ አምናለሁ።

ኢትዮጵያ ይህን ቀመር ቀድማ ተቀብላለች። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች ብራናቸው በራዲዮካርበን ሲመረመር ከ390 እስከ 660 እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን መካከል የሚወድቅ ሆኖ ተገኝቷል። የአውሳብዮስ ሰንጠረዦችም በአምድና በቅስት አጊጠው በእነዚሁ መጻሕፍት መጀመሪያ ላይ ተሥለዋል። ከዚያ በኋላ ወንጌል የገለበጠ ጸሐፊ ሰንጠረዡንና የኅዳጉን ቁጥር አብሮ መገልበጡ ወግ ሆነ።

በ15ኛው መቶ ዓመት የማስተያየቱ ሥራ በሸዋ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። በ1450 እ.ኤ.አ. ገደማ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በተጉለት፣ በደብረ ምጥማቅ፣ ጉባኤ ሰበሰቡ። ክርክሩ ስለ ቀዳሚት ሰንበት ነበር። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜም እንደ እሑድ ትከበር በማለታቸው ወደ መቶ ዓመት ያህል ተገፍተው ኖረዋል። ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ባሉበት ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ያከራከረው ትእዛዝ ራሱ በኦሪት ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ በዘፀአት 20 እና በዘዳግም 5። በአንደኛው ምክንያቱ የፍጥረት ዕረፍት ነው፤ በሌላው ደግሞ ከግብፅ ባርነት መውጣት። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያስቀምጡ ስለ ሰንበት መከራከር አይቻልም። ንጉሡ በጽሑፎቻቸው ሰማንያ አንዱን መጻሕፍት ደጋግመው ለምስክርነት ይጠራሉ። ከጉባኤው ጥቂት ዓመታት በኋላ በሰማይ የታየውን ብርሃን ምክንያት አድርገው ደብረ ብርሃንን ቆረቆሩና የቀረውን ዘመናቸውን አብዛኛውን እዚያ አሳለፉ።

ቀጥሎ የመጣው መቶ ዓመት መጻሕፍት የነደዱበት ነው። በ1531 እ.ኤ.አ. ደብረ ሊባኖስ በግራኝ ጦርነት ተቃጠለ። የዚያው ገዳም ልጅ አባ ተስፋ ጽዮን መጻሕፍት ይዘው ሮማ ደርሰው ነበርና፣ በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ አሳተሙ። በሮማ የግዕዝ ፊደል በማተሚያ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ በ1513 እ.ኤ.አ. መዝሙረ ዳዊትን አሳትሟል። ያው ሰው በ1518 እ.ኤ.አ. በኮሎኝ ዳዊቱን በዕብራይስጥ፣ በግሪክ፣ በላቲንና በግዕዝ ጎን ለጎን ደርድሮ አወጣው። አራት ቋንቋ በአራት ዓምድ ማለት ነው።

የአባ ተስፋ ጽዮን ሥራ ግን ሌላ ጭንቀት ነበረበት። በእጃቸው ያለው የግብረ ሐዋርያት ቅጂ ጎደሎ ስለነበረ የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ እየተረጎሙ መሙላት ግድ ሆነባቸው። ይህን ደብቀው አላለፉም። በመጽሐፉ መጨረሻ ለአንባቢው ተናዘዙ፤ አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ እንደማይችሉ፣ እርሳቸውም ማተም እንደማያውቁ፣ ስሕተት ቢገኝ ይቅር እንዲባሉ ለመኑ። አንድን ጽሑፍ ከሌላ ጋር ያስተያየ ሰው የመጀመሪያ ግዴታው የቱ ከየት እንደ መጣ መናገር ነው፤ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ይህን ግዴታ ከሮማ ሆነው ተወጥተዋል። መጽሐፋቸው በ1657 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በተፈጸመው የብራያን ዋልተን የብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ገብቶ ከግሪኩ፣ ከሶርያውና ከዐረቡ ጋር ተሰለፈ።

በአገር ቤት ማስተያየቱ የሚኖረው በቃል ነበር። በጎንደር በጎለመሰው የአንድምታ ትርጓሜ ትምህርት መምህሩ ንባቡን ካስነበበ በኋላ አንድ ፍቺ ይሰጣል፤ «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል፤ ደግሞ «አንድም» ይላል። በየመካከሉ ከሌላው ወንጌል፣ ከነቢያት፣ ከጳውሎስ ምስክር ይጠራል። በኢያሪኮ አጠገብ በሆነው ፈውስ ማቴዎስ ሁለት ዕውራን ይላል፤ ማርቆስ አንዱን ብቻ፣ ያውም በስሙ በርጤሜዎስ ብሎ፣ ይጠራዋል፤ ሉቃስም አንድ ይላል። ተማሪው «ለምን?» ብሎ እንዲጠይቅ ሦስቱም ንባብ በቃሉ መኖር አለበት። የጉባኤ ቤት ተማሪ ዓመታት የሚፈጅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሰንጠረዡን በራሱ ውስጥ እየሠራው ነው።

ወደ ሸዋ ከመመለሳችን በፊት በካይሮ በኩል እንለፍ። ከ1808 እስከ 1818 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ አባ አብርሃም፣ በውጭ አገር አቡ ሩሚ በመባል የሚታወቁት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ፣ የፈረንሳይ ቆንስል ከነበረው ከአስሊን ጋር ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሱ። 9,539 ገጽ የእጅ ጽሑፍ ነበር። የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዝቶት ወንጌሎቹ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳኑ በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ታተሙ። ከዚህ በኋላ አማርኛ ተናጋሪው ግዕዙን ከራሱ ቋንቋ ጋር በታተመ መጽሐፍ ማስተያየት የሚችልበት ዘመን ተከፈተ።

በሰኔ 1839 እ.ኤ.አ. ሁለት ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን፣ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ካርል ኢዘንበርግ፣ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ቀረቡ። ኢዘንበርግ ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ፤ ክራፕፍ ግን እስከ መጋቢት 1842 እ.ኤ.አ. በአንኮበርና በአካባቢው ኖረ። አንኮበር ያኔ የሸዋ መዲና ናት። ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ተቀምጣ፣ ቤተ መንግሥቱ ከጉብታው አናት፣ አድባራቱ በዙሪያው ነበሩ። በዚያን ጊዜ ሸዋ በሃይማኖት ክርክር ተወጥራ ነበር፤ የሦስት ልደት ትምህርት ሥር ሰዶ ከተዋሕዶው ጋር ይፋጭ ነበር። የክርክሩ ማዕከል ቅባት የሚለው ቃል ነው፤ በግብረ ሐዋርያት 10፡38 እግዚአብሔር ኢየሱስን እንደ ቀባው የተጻፈው ምን ማለት ነው? ይህን ከሉቃስ 4፡18 ጋር፣ ያን ደግሞ ከኢሳይያስ ጋር ያላስተያየ ተከራካሪ ሊቅ አይባልም ነበር። ይህ ክርክር በይፋ የተቋጨው ሁለቱ ነገሥታት ዮሐንስና ምኒልክ በተገኙበት በግንቦት 1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው።

ክራፕፍ በዚህ መካከል አማርኛ መጽሐፍ እየሰጠ፣ የግዕዝ ብራና እየሰበሰበ ኖረ። እኔን የሚገርመኝ የሰጠው ሳይሆን የወሰደው ነው። የሰበሰባቸው ብራናዎች ቱቢንገን ወደምትባለው የጀርመን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ፤ ሄንሪክ ኤቫልድ የሚባል ሊቅ መረመራቸው። ከኤቫልድ ተማሪዎች አንዱ አውጉስት ዲልማን ነበር። ዲልማን በ1853 እ.ኤ.አ. የግዕዙን ኦሪት የተለያዩ ቅጂዎችን እያስተያየ ማሳተም ጀመረ፤ በ1865 እ.ኤ.አ. እስከ ዛሬ የሚሠራበትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት አወጣ። በአውሮፓ የግዕዝ ጥናት ሲታደስ ከሸዋ የወጡ ብራናዎች ድርሻ ነበራቸው ማለት ነው። ክራፕፍም በስተ እርጅናው የአባ አብርሃምን አማርኛ አርሞ፣ በባዝል አጠገብ በምትገኘው በቅድስት ክሪሾና እንደገና አሳተመ።

በ1916 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ትእዛዝ የአራቱ ወንጌል አንድምታ፣ ንባቡ ከነትርጓሜው፣ በአዲስ አበባ ታተመ። በጉባኤ ቤት በቃል የኖረው ማስተያየት በወረቀት ላይ ወረደ። ከጣልያን ወረራ በኋላ ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን የመሰሉ ሊቃውንት ያሉበት ኮሚቴ ከዕብራይስጥና ከግሪክ አዲስ ትርጉም አዘጋጀ፤ ዛሬ ሁላችን «የ1954ቱ» የምንለው እርሱ ነው። በዚህ ዘመን የመዝሙር ቁጥር ጉዳይ አንባቢውን ያስቸግረው ጀመር። ግዕዙ ዳዊት የሰብዓ ሊቃናትን ቁጥር ስለሚከተል የእረኛው መዝሙር 22ኛ ነው፤ በዕብራይስጡ ቁጥር ደግሞ 23ኛ ነው። ሁለት ሰዎች አንዱን መዝሙር እያወሩ «ተሳስተሃል» የሚባባሉበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከዚያ የፊልሙ ዘመን መጣ። በ1973 እ.ኤ.አ. በቤተ ክርስቲያኒቱና በመንግሥት ፈቃድ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ከፊልሙ አንድ ቅጂ በአገር ውስጥ ይቀራል፤ ሌላው በአሜሪካ ሚኔሶታ፣ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል። ከ8,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ፤ የተጉለትና ቡልጋ፣ የይፋትና ጥሙጋ አውራጃ አድባራትም ከነዚህ ውስጥ ናቸው። አብዮቱ ሲመጣ ሥራው አልቆመም። ምን ያህል መጽሐፍ ከመጥፋት እንደ ተረፈ ሳስብ፣ ያን ካሜራ ተሸክመው ዳገት የወጡ ሰዎች ውለታቸው ከባድ ነው እላለሁ።

ፊልሙን ያነበቡት ሰው ደግሞ የዚሁ አገር ልጅ ናቸው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1931 እ.ኤ.አ. በሸንኮራ ተወለዱ። ካይሮ ተምረው፣ የዶክትሬት ትምህርታቸውን የክራፕፍ ብራናዎች በገቡበት በቱቢንገን በ1962 እ.ኤ.አ. ፈጸሙ። በ1975 እ.ኤ.አ. የደርግ ወታደሮች ሊይዟቸው ሲመጡ በተኩስ ቆስለው እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው በ1976 እ.ኤ.አ. ሚኔሶታ ገቡ። ከዚያ ቁጭ ብለው ፊልሙን አንድ በአንድ አነበቡ። ከዊልያም ማኮምበር ጋርና ለብቻቸው በርካታ የካታሎግ ጥራዞችን አዘጋጁ። የሸንኮራው ልጅ ከሸዋ አጥቢያዎች የተነሡ መጻሕፍትን በበረዶ አገር ተቀምጠው «ይህ ቅጂ ከዚያኛው እንዲህ ይለያል» እያሉ ጻፉ። በ2021 እ.ኤ.አ. አረፉ።

በነዚሁ ዓመታት ኮምፒውተር ደርሶ ነበር፤ ለእኛ ፊደል ግን መንገዱ ጠማማ ሆነ። መጀመሪያ የወጡት የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲኑ ፊደል ወንበር ላይ ያስቀመጡ ነበሩ። አንዱ ፎንት የጻፈውን ሌላው ሲከፍተው ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ ቃል መፈለግማ የማይታሰብ ነው። መስከረም 1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች የየራሳቸውን ቦታ አገኙ። መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ ፈልጎ ማግኘትና ጎን ለጎን ማንበብ በውኑ የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ዩቨርዥን የተባለው የስልክ መተግበሪያ በ2008 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ፣ አንድን ጥቅስ ተጭኖ ሌላ ትርጉም ማስተያየት የማንም ሰው ሥራ ሆነ።

ሆኖም ፊደላችን የራሱ ጠባይ አለው። አንድ ሰው «ሃጢአት» ብሎ ቢፈልግ መጽሐፉ «ኃጢአት» ብሎ ስለጻፈው ማሽኑ «የለም» ይላል። የሶፍትዌር ሠሪው መፍትሔ ሀንና ሐን፣ ኀን፤ ሰንና ሠን፤ አንና ዐን፤ ጸንና ፀን አንድ አድርጎ መቁጠር ነው። ለአማርኛ ይህ ጥሩ ሠራ። በግዕዝ ግን ሠረቀ «ፀሐይ ወጣች» የምንልበት ነው፤ ሰረቀ የሌባ ሥራ ነው። ሰአለ ለመነ ነው፤ ሠዐለ ሥዕል ሠራ ነው። ማሽኑ ፊደሎቹን አንድ ካደረጋቸው ልመናና ሥዕል በአንድ ዝርዝር ይወጣሉ። በሌላ በኩል የድሮ ጸሐፊዎች ራሳቸው እነዚህን ፊደላት አንዳንዴ ያለዋውጡ ስለነበር፣ ፍጹም ለይቶ መፈለግም ትክክለኛውን ንባብ ያስቀራል። ይህን የሚፈታ ቀመር ብቻውን የለም፤ ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ከፕሮግራም ጸሐፊው አጠገብ መቀመጥ አለበት።

ሌላም ነገር አለ። ሮኹስ ዙርሞንድ የተባለው የኔዘርላንድ ሊቅ በ1989 የማርቆስን፣ በ2001 እ.ኤ.አ. የማቴዎስን የግዕዝ ወንጌል ብዙ ብራና አስተያይቶ ሲያሳትም፣ ቅጂዎቹ በቤተሰብ የሚከፋፈሉና አንዱ ቤተሰብ ከሌላው የተቀላቀለ መሆኑን አሳየ። ማቴዎስን በቃሉ የያዘ ጸሐፊ ማርቆስን ሲገለብጥ የማቴዎስ ቃል በብዕሩ ሾልኮ ሊገባ ይችላል። ትይዩ ክፍሎችን ማስተያየት ይህን መሹለክ ያወጣዋል። በአሜሪካ ኦሪገን በስቲቭ ደላማርተር የተመራው የግዕዝ ብሉይ ኪዳን የንባብ ታሪክ ጥናት ደግሞ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ሠላሳ ያህል ብራና እየመረጠ፣ የተመረጡ ክፍሎችን ፊደል በፊደል አስተይቦ፣ ልዩነቱን በኮምፒውተር ያስቆጥራል። በጀርመን የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ፕሮጀክት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የብራናዎቹን መረጃ በአንድ መዝገብ እያሰባሰበ ነው።

የሂል ቤተ መጻሕፍት ፊልሞች ዛሬ ዲጂታል ሆነው በኢንተርኔት ይታያሉ፤ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ የአገሩን ብራና በስልክ ማየት ይቻላል። ያ የሚታየው ግን ምስል ነው። በምስል ውስጥ ቃል አይፈለግም፤ ከ1954ቱ ጋርም በሁለት ዓምድ አይሰለፍም። ስልኩ ላይ ያሉት ትርጉሞች የታተሙት ናቸው፤ የሸዋ አባቶች ያነበቡት፣ የተከራከሩበት፣ በኅዳጉ ቁጥር የተከታተሉት ግዕዝ አብዛኛው ገና ከሰንጠረዡ ውጭ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው። የጎደለው ማሽን አይደለም፤ ማሽኑ ያስተያየው ዘንድ የሚጻፍለት ንባብ ነው።

ያ ንባብ የሚገባው በእጅ ነው። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ምስሉን በግራ፣ ባዶውን ገጽ በቀኝ ይከፍታል። የደበዘዘውን ያጎላል፤ ትል የበላውን በቅንፍ ባዶ ይተዋል፤ ጸሐፊው በሰ ጽፎት ከሆነ እርሱም በሰ ይጽፈዋል፣ መጻፍ የነበረበት በሠ መሆኑን ቢያውቅም። መስመሩን ሲጨርስ ወደ ኅዳጉ ይመለከታል። ጥቃቅኗ ቁጥር እዚያው አለች። በመጀመሪያው ዓምድ ጎን በቀይ ቀለም ፻፵፯፣ ከሥሯም ፩። እርሷንም ይጽፋታል።